የሚዞረው ውሃ

ባለቤቴ ከሃያ ዓመት በላይ ተሳቢ እየነዳ ወደ ጅቡቲ ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ ባሕር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ስጠይቀው ይስቅብኝ ነበር። «ወደቡ በር ላይ ተራ እጠብቃለሁ፣ እጭናለሁ፣ ሸራዬን አስራለሁ፣ እመለሳለሁ። ባሕሩ ከክሬኖቹ ጀርባ ነው ያለው። ጨው ውሃ ነው፤ ምኑ ይታያል?» ይለኛል። ዕድሜውን በሐሩር ውስጥ የፈጀ ሰው ስለ ውሃ እንዲህ ሲያወራ ይገርመኝ ነበር።

ለሁለቱ ሴት ልጆቻችን ግን ሌላ አፍ ነበረው። ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ወጣ ብሎ የውሃ መዝናኛ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እወስዳችኋለሁ ይላቸዋል። ቦታውን በስልኩ አይቶታል። መግቢያው የተከፈተ የአዞ አፍ ነው፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ባንዲራ የሰቀለ የባሕር ወንበዴዎች መርከብ ቆሟል፤ የሲሚንቶ ዝሆኖች በኩምቢያቸው ውሃ ይረጫሉ። ልጆቹ ይህን ሁሉ ከእሱ አፍ ሰምተው እንዳዩት ያህል ያወሩት ነበር። እሱ ግን ሁልጊዜ «ይቺን ጭነት ላድርስና» ይላል። ያቺ ጭነት ትደርሳለች፣ ሌላ ትመጣለች፣ ክረምቱ ያልቅና ትምህርት ቤት ይከፈታል። እኔም መጋላ ገበያ ያለችኝን የልብስ ሱቅ ዘግቼ ልጆቹን የምወስድበት ቀን አልነበረኝም።

አንድ ማለዳ ለሱብሒ ሰላት ውዱእ ሊያደርግ ግቢ ውስጥ ከጀሪካን ውሃ ሲቀዳ ጀሪካኑ ከእጁ ወደቀ። ድምፁን ሰምቼ ወጣሁ። ውሃው እግሩ ሥር እየፈሰሰ፣ እሱ ቀኝ እጁን የሌላ ሰው እጅ የሆነ ይመስል ትኩር ብሎ ያየዋል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ከዚያ በቀኝ ጎኑ ዘመም እያለ ሄዶ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

ብዙ ሳምንት ሐኪም ቤት ከቆየን በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም ነበር። ከንግግሩ ሁሉ ደግሞ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «በቃ»።

ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። በአማርኛ የጀመረውን ወሬ ኦሮምኛ ውስጥ ይዞት ገብቶ በሶማልኛ የሚጨርስ፣ በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም፣ ሰው አጠገቡ ለመቀመጥ የሚሻማበት ሰው ነበር። አሁን ሲጠማው «በቃ» ይላል፤ ሲርበው «በቃ»፤ ሲያመው «በቃ»፤ የፈለገውን ሳንረዳው ስንቀር ደግሞ በግራ እጁ ፍራሹን እየመታ «በቃ፣ በቃ!» ይላል። ትንሿ ልጃችን ገና ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከሁላችንም ቀድማ ድምፁን መለየት ተማረች። «ይሄኛው ትራስ ነው»፣ «ይሄኛው በሩን ክፈቱት ነው» እያለች ትተረጉምልን ነበር። ትልቋ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ያቺን ቃል ስትሰማ ከክፍሉ ትወጣለች። እኔ አነሳዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ። ግዙፍ ሰው ነበር። ወገቤን ይዤ ቀና ለማለት ግድግዳ መደገፍ ጀመርኩ።

ሐምሌ ሲገባ ታላቅ እህቱ ከጅቡቲ መጣች። በዚያ ወር ጅቡቲ እሳት ስለሆነች አቅም ያለው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ በሙቀት ስንቀቀል እነሱ «እናንተ ጋ እንዴት ይነፍሳል» ብለው ሻርፕ የሚደርቡ ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ የምናውቃት እንግዳችን ናት። ልጆቹ «ኤዶ» ይሏታል፣ የአባት እህት ማለት ነው፤ እኔና እሷ «አባዮ»፣ እህቴ፣ እንባባላለን። የዚያን ዓመት ልጆቿ ስላደጉ ብቻዋን ነበር የመጣችው። ወንድሟ መታመሙን በስልክ ነግሬያታለሁ፤ ግን በስልክ የተነገረና በዓይን የታየ አንድ አይደለም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ስታገኘው «አቦዌ» አለችው፣ ወንድሜ ስትለው። ዞሮ አያት። «በቃ» አለ። እሷ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ስታለቅስ ሰማኋት። ከዚያ ፊቷን ታጥባ መጥታ ልጆቹ መሃል ተቀመጠች።

«አባታችሁ የት ሊወስዳችሁ ነበር ያለው?» አለቻቸው።

ልጆቹ እኔን አዩኝ። ትንሿ ናት የነገረቻት፤ አዞውን፣ መርከቡን፣ ዝሆኖቹን።

«ነገ እንሄዳለን» አለች።

ማድ ቤት ተከትያት ገባሁ። «አባዮ፣ እሱን ማን ይጠብቀዋል? ለማን ትቼው ልሂድ?»

«ለማንም። አብሮን ይሄዳል።»

«ሰው ያየዋል እኮ።»

«ይየው» አለች። «ታመመ እንጂ አልሰረቀ።»

ከጎረቤት ዊልቸር ተውሰን ሁለት ባጃጅ ይዘን ሄድን። በአዞው አፍ ስንገባ ዊልቸሩ ጥርሶቹ ላይ ተያዘ፤ ጥርሶቹ መሬት ድረስ ወርደው የተሠሩ ስለሆኑ ወደ ኋላ መልሰን በጎን አስገባነው። ውስጡ ጩኸት ነው። ሙዚቃው፣ የልጆቹ ሳቅ፣ ከመርከቡ አናት ላይ ሞልቶ የሚገለበጠው ትልቅ ባልዲ። እኛ ሰፈር ቧንቧ በተራ ነው የሚመጣው፤ የመጣውም ውሃ ኖራው ስለሚበዛ ማንቆርቆሪያችን በውስጡ ነጭ ድንጋይ ያበቅላል። እዚያ ግን ዝሆኖቹ ማንም ሳያያቸው እንኳ ይረጩ ነበር።

እሱን ጥላ ሥር አደረግነው። ኮፍያውን ወደ ዓይኑ አወረደው። የሚያውቁን ሰዎች መጥተው ሰላም አሉት፤ ግራ እጁን ሰጣቸው። አንዱ የቀድሞ ጓደኛው ለደንቆሮ እንደሚያወራ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አይዞህ! ትድናለህ!» ሲለው አንገቱን ደፋ። ልጆቹ ወደ መንሸራተቻዎቹ ሮጡ። ትልቋ ግን የክፍሏን ልጆች ስታይ ከእኛ ራቅ ብላ መርከቡ ጥላ ውስጥ ተቀመጠች፤ እኛን እንደማታውቀን ሁሉ ወደ እኛ አልዞረችም። አልተቆጣኋትም። በእሷ ዕድሜ እኔም እንዲያ ነበርኩ።

ከጥላው ፊት ለፊት ክብ ቦይ አለ። ውሃው ከሰው ደረት አይበልጥም፤ በፓምፕ ኃይል ቀስ እያለ ይዞራል። ሰዎች የፕላስቲክ ቀለበት ላይ ጋለል ብለው፣ ሳይዋኙ፣ ውሃው ራሱ እየወሰደ ይመልሳቸዋል። ባለቤቴ ከዚያ ላይ ዓይኑን አላነሳም። ብዙ ቆይቶ «በቃ?» አለ። ድምፁ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ወጣ። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ልግባ ነው የሚለው» አለች እህቱ።

የውሃው ጠባቂ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ስንጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። ቀለበቶቹ ለልጆች ነው የተሠሩት፤ እሳቸውን አይችሉም አለ። ደግሞም ሰው በዝቷል። እህቱ መከራከር ጀመረች። ስትናደድ አማርኛዋ ያልቅባትና ሶማልኛ ትገባለች፤ ሶማልኛው ሲያልቅ ፈረንሳይኛ ነው። ሰውየው ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጣት።

«ኤዶ» አላት በመጨረሻ፣ ልጆቹ ሲጠሯት ሰምቶ ነው፤ «ቢጮሁብኝም ገንዳው ያው ነው። እሳቸው ቢሰምጡብኝስ?» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ሥራቸው ምን ነበር?»

«ሾፌር» አልኩት። «የጅቡቲ መስመር።»

«የትልቅ መኪና ካላማዳሪ፣ ጎማው ውስጥ የሚነፋውን፣ ፈልጉ» አለኝ። «ሌላው አይችላቸውም። ነገ ጠዋት ሰው ሳይገባ ኑ፤ እኔ እቆያችኋለሁ። እናንተም እንዲህ ሰፊ ድሪያ ቀሚስ ለብሳችሁ እንዳትመጡ። ውሃ ውስጥ እግር ይጠልፋል።»

ካላማዳሪውን ያገኘነው ለዓመታት ጎማውን የሚጠግንለት ጎሚስታ ጋ ነው። ለምን እንደሆነ ስነግረው አልሳቀም። ከተሰቀለው መሃል አንዱን አውርዶ ነፋው፤ በርሜል ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ፈልጎ ደፈነው፤ የነፋስ ማስገቢያው ብረት ገላውን እንዳይቧጥጠው በጨርቅ ጠቀለለው። «ሲመጣ ቁጭ ብሎ የሚያስቀን ሰው ነው» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ካላማዳሪውን ባጃጁ ጣሪያ ላይ አስረን ስንወጣ የሰፈር ሰው በር ላይ ቆሞ አየን። እኔ የእሱን አሮጌ ቱታ ለብሼ ሂጃቤን አንገቴ ሥር አጥብቄ አስሬያለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደቻቱ ዳር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ሲመጣ ደግሞ ጎርፍ የሚሆን ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ውሃን መሸሽ እንጂ መግባት አይማርም። መፍራቴን ለማንም አልተናገርኩም።

ጠባቂው፣ እህቱና እኔ ሆነን ደረጃው ላይ ደግፈን አወረድነው። ፈራ። እኔ ባለቤቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። በግራ ክንዱ አንገቴን ጠምዝዞ ያዘኝ፤ መተንፈስ አቃተኝ። ቀኝ እግሩ ደረጃው ላይ እየተጎተተ «በቃ፣ በቃ፣ በቃ» ይላል። ጠባቂው ከኋላው ሆኖ «አይዞዎት፣ ይዤዎታለሁ፣ ይዤዎታለሁ» ይለዋል። ካላማዳሪው ውስጥ ስናስገባው ውሃው ደረቱ ጋ ደረሰ።

ያን ጊዜ ክብደቱ ጠፋ።

ስንት ወር ሙሉ ያነሳሁት፣ ወገቤን የቆረጠኝ፣ በየጠዋቱ ስነቃ እንዴት አድርጌ አነሳዋለሁ ብዬ የማስበው ክብደት ከእጄ ላይ ሄደ። በአንድ እጄ ካላማዳሪውን ገፋ ሳደርገው እንደ ቅጠል ሄደ። ፊቴን ወደ ሌላ በኩል አዞርኩ።

ቦዩ ይዞን ዞረ። እህቱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል። መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ትንሿ ልጃችን ቀለበት ውስጥ ሆና ከፊታችን እየዋኘች፣ ዋና ሳይሆን መንቦጫረቅ ነው፣ ወደ ኋላ እየዞረች ታየዋለች። ትልቋ ልብሷን ሳትቀይር ዳር ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ስለሆነ ሙዚቃው ገና አልተከፈተም፤ የፓምፑ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ከባድ መኪና። ሲዞር፣ ሲዞር አንገቱ ላላ። ዓይኑን ገለጠ።

«ሽንሌ» አለ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እህቱን አየኋት፤ እሷም ቆማለች፤ ውሃው እየገፋት ነው።

«ሀሬዋ።»

ድምፁ የራሱ ነበር። ያው ከሕመሙ በፊት የነበረው፣ ጎርነን ያለው፣ ትንሽ በአፍንጫው የሚወጣው። ሌላ ግማሽ ዙር ሄድን።

«አዲጋላ» አለ። ቀጥሎ «አይሻ»። ቀጥሎ «ደወሌ»።

የመንገዱ ከተሞች ናቸው። ከድሬዳዋ ወጥቶ ወደ ድንበሩ ሲሄድ አንዱን አልፎ ሌላው ላይ የሚደርስባቸው፤ ከልጆቹ ስም ይልቅ አዘውትሮ የጠራቸው። ስልክ ስደውልለት «የት ደረስክ?» እለዋለሁ፤ «አዲጋላ» ይላል፤ እኔም ምሳ በልቷል ማለት ነው እላለሁ። ደወሌ ሲል ነገ ይጭናል ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት በእነዚህ ስሞች ነበር የምንነጋገረው ማለት ይቻላል።

ደወሌ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። «በቃ» አለ።

ከዳር በኩል ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ትልቋ ልጄ ከነልብሷ፣ ከነጫማዋ ገብታ ነበር። እየተደነቃቀፈች መጥታ ካላማዳሪውን ያዘች። «አባ፣ ምን አልክ? ድገምልኝ» አለችው። አያት እንጂ አልመለሰም። ጥቂት አሰበችና ራሷ «ሽንሌ» አለች።

«ሀሬዋ» አላት።

እስከ ደወሌ ሄዱ፤ ከዚያ እሷ እንደገና ከሽንሌ ትጀምራለች። ፊቷ በውሃ ይሁን በእንባ ርሶ ነበር። ሰው መግባት ሲጀምርም፣ የክፍሏ ልጆች መጥተው ዳር ቆመው ሲያይዋትም፣ ካላማዳሪውን አልለቀቀችም።

ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነገርኩት። አልተገረመም። ሰው ደጋግሞ በቃሉ የያዘው ነገርና አስቦ የሚናገረው ነገር አንጎል ውስጥ የተለያየ ቦታ ነው የሚቀመጠው አለኝ፤ አንዱ ሲጎዳ አንዱ ሊተርፍ ይችላል።

«ታዲያ ይናገራል?» አልኩት።

«ጠብቂ አልልሽም፤ አትጠብቂ አልልሽም» አለ።

ቤት ውስጥ ብዙ ሞከርን። ትልቋ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ሽንሌ» ትለዋለች፤ ዝም ብሎ ያያታል። ሳፋ ውስጥ እግሩን ነከርንለት፤ ዊልቸሩን በግቢው አዞርነው። ምንም። የሚዞረው ውሃ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው ስሞቹ የሚመጡለት። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ሄድን። ጠባቂው በጠዋት ሲያየን አይጠይቅም፤ ደረጃው ጋ መጥቶ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ሁለቱን ስም ብሎ ይደክመዋል። አንዳንድ ቀን ሁሉንም ይላቸዋል። ከደወሌ አልፎ ግን ሄዶ አያውቅም። እህቱ «አሊ ሳቢህ በል፣ አቦዌ። ቀጥሎ አሊ ሳቢህ አይደል?» ትለዋለች። ሰምቶት የማያውቀውን አገር የምትጠራለት ያህል ግራ ገብቶት ያያታል። ልጆቹ ያን ክረምት ተደሰቱ ማለት እችላለሁ። ትንሿ እነዚያን ዝሆኖች አንድ በአንድ ስም አወጣችላቸው። ምሳችንን ጥላው ሥር እንበላለን፤ ሳምቡሳ፣ ሐብሐብ፣ እህቱ ያመጣችው ተምር። ከሩቅ ያየን ሰው ለዕረፍት የመጣ ደህና ቤተሰብ ነው ይላል።

እኔ ግን ሌላ ነገር እጠብቅ ነበር። ስሜን።

ሲያገባኝ ጀምሮ በስሜ ነው የሚጠራኝ፤ እንደሌሎች ወንዶች «አንቺ» ወይም «የልጆቹ እናት» ብሎኝ አያውቅም። ስልክ ሲደውል መጀመሪያ ስሜን ነው የሚለው፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንድ ሰው በሕይወቱ ደጋግሞ የሚለው ቃል ከተረፈ የእኔስ ስም እንዴት አይተርፍም ብዬ አሰብኩ። አዲጋላ ምን አድርጋለታለች? አይሻ ልጅ ወልዳለታለች? በከተሞች ቀናሁ። ሰው በከተማ ይቀናል ቢሉኝ ባላመንኩ ነበር።

አንድ ጠዋት እህቱና ልጆቹ ውሃ ጠጥተው እስኪመለሱ እኔና እሱ ብቻችንን ስንዞር፣ ካላማዳሪው ላይ ክንዴን አስደግፌ ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩት። «እኔን ጥራኝ» አልኩት። አየኝ። ምን እንደፈለግሁ ገብቶታል፤ ያን ከዓይኑ አውቄያለሁ። ግንባሩ ተቋጠረ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ አፉ ተከፈተ። ረዥም ጊዜ ታገለ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው፣ «በቃ» አለኝ። ግራ እጁን ከውሃው አውጥቶ ጉንጬ ላይ አደረገው።

ትንሿ ልጄ እዚያ ብትኖር ምን ማለት እንደሆነ ትነግረኝ ነበር። አልነበረችም። እኔም ቆይቼ ልጠይቃት አልፈለግሁም።

ነሐሴ ሲያልቅ እህቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እኔም ወደ ሱቄ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለመሄድ ሞከርን፤ ብቻዬን ግን ማውረድና ማውጣቱ ከበደኝ። ቀዝቀዝ ያለው ወር ሲመጣ ማሳል ስለጀመረ ሐኪሙ ውሃውን አቁሙ አለን። ጥር ላይ፣ ቀትር ሲሆን፣ ምሳውን እያጎረስኩት ራሱ ወደ ደረቱ ወደቀ። ሁለተኛው የአንጎል ምት ነበር። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ቆይቶ ሞተ። በመጨረሻው ቀን አልተናገረም፤ ያቺንም ቃል አላለም።

የቀብሩ ዕለት ሾፌሮቹ መጡ። ከመንገድ ሳይታጠቡ የመጡ ነበሩ፤ የመኪናቸው ሸራ እንደታሰረ፣ አቧራ እንደለበሱ። መኪኖቻቸው መንገዱ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። ማንም ጥሩምባ አልነፋም። ጀናዛው ሲወጣ አንዱ ሽማግሌ ሾፌር እኔ ወዳለሁበት መጥቶ «መንገዱን ያስተማረን እሱ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እህቱ አንድ ቪዲዮ ላከችልን። ውሃው ውስጥ ሆኖ ስሞቹን ሲጠራ ከዳር ሆና በስልኳ የቀረጸችው ነው። ትልቋ ልጄ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ብዙ ጊዜ አዳመጠችው። የሚሰማው ፓምፑ ብቻ ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የእሷም ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። የት እንደደረሱ ከከንፈሩ ለማወቅ ትሞክራለች። እኔ አብሬያት ማየት አልቻልኩም፤ ክፍሉን ለቅቄላት እወጣለሁ።

የባል ሐዘን መቀመጫዬን፣ ዒዳዬን፣ ጨርሼ ሱቅ ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ መጣ፤ እህቱም መጣች። ስለ መዝናኛው ማንም አላነሳም። አንድ ጠዋት ትንሿ «ኤዶ፣ እዚያ እንሂድ?» አለቻት። እህቱ እኔን አየችኝ። እኔ ትልቋን አየሁ።

«እኔ አልሄድም» አለች ትልቋ።

«ለምን?» አለቻት አክስቷ።

«መጀመሪያ የሄድን ቀን ከእሱ ርቄ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ባልርቅ አንድ ቀን ይጨመርልኝ ነበር።»

እህቱ ወደ እሷ ተጠግታ ተቀመጠች። «እኔ ታላቁ ነኝ» አለቻት። «በወጣትነቴ ጅቡቲ ገባሁ፤ ወንድሜን በዓመት አንድ ጊዜ አየሁት። እሱ በየሳምንቱ እኔ ከተማ እየመጣ ወደብ በር ላይ ያድር ነበር። ቤቴ እዚያው ነው። ልጆች አሳድጋለሁ፣ ሥራ አለኝ፣ ነገ አገኘዋለሁ እል ነበር። ስንት ቀን ይጨመርልኝ ልበል?»

ልጄ ተነስታ ጫማዋን አደረገች።

አዞው ቀለም ተቀብቷል። ጥርሶቹን ከታች በኩል ቆርጠዋቸዋል፤ አሁን ጋሪም ዊልቸርም በቀጥታ ይገባል። ጠባቂው እዚያው ነበር፤ ሲያየን ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ወደ እኛ መጣ። ከኋላችን ሌላ ባጃጅ የሚመጣ መስሎት አሻግሮ አየ።

«እሳቸውስ?» አለኝ።

«ጥር ላይ» አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጥቂት ቆመና፣ «የጠዋቱ ውሃ እስካሁን ሰው አልገባበትም፤ ግቡ» ብሎን ሄደ።

ትልቋ በቦዩ ብቻዋን ዞረች። በጀርባዋ ተኝታ፣ ጆሮዋን ውሃው ውስጥ አድርጋ። አልጠራኋትም። እህቱ ዳር ላይ እግሯን ነክራ ተስቢሕዋን ትቆጥራለች። ትንሿ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ስለረዘመች ለትልቁ መንሸራተቻ ደርሳለች፤ ጠባቂው ግድግዳው ላይ ባለው መስመር ለክቷት «ማለፍ ትችያለሽ» አላት። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። እኔ ታች ቱቦው የሚያበቃበት ቦታ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

አናቱ ላይ ደርሳ ተቀመጠች። ከኋላዋ ልጆች ተሰለፉ። ሁለቱን እጇን የመንሸራተቻው መያዣ ዘንግ ላይ እንዳደረገች ቆየች፤ ከታች ፊቷ አይለይም ነበር። ልጆቹ አልገፏትም። ከዚያ ተነሳች፤ በልጆቹ መሃል ተሹለክልካ ደረጃውን አንድ በአንድ ይዛ ወረደች። ፎጣውን ይዤ ሄድኩ።

«ፈራሽ?» አልኳት።

«አልፈራሁም» አለች። ጥርሷ ይጋጭ ነበር፤ ያን በመሰለ ሙቀት። «ከላይ ሲያዩት ሩቅ ነው።»

ጠቀለልኳትና ጥላ ያለበት ይዣት ሄድኩ። እህቱ ሳምቡሳውን ከጨርቅ ፈትታ ሰጠቻት። ትልቋም ከውሃው ወጥታ ፀጉሯን እየጨመቀች አጠገባችን ተቀመጠች። አብረን በላን። ሙዚቃው ሲከፈትና ሰው መጉረፍ ሲጀምር ባጃጅ ጠርተን ወደ ቤት ተመለስን።